ስድስተኛው ሜዳ የነበረበት ቦታ

የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሁሉ አንድ ሽማግሌ ከማንም ቀድመው ይመጣሉ። የኮሌጁ ስታዲየም መኪና ማቆሚያ ጠባቂ እኔ ነኝ፤ ስማቸውን ግን አላውቅም። በኅዳር ብርድ ነጭ ቁምጣ ይለብሳሉ። ጣቶቻቸው የቴኒስ ራኬት ክር ሲወጥሩ ኖረው ተጣመዋል። መኪናቸውን ሩቅ መንገድ ዳር ትተው በእግራቸው ይመጡና ለስታዲየሙ በር በጣም የቀረበው ቦታ ላይ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘረጋሉ። ለዚህች ቦታ በየዓመቱ ለኮሌጁ አሥር ሺህ ዶላር ይለግሳሉ፤ መኪና ግን አቁመውባት አያውቁም። ጨዋታውን ለማየትም አይገቡም።

አስፋልቱ ሥር የድሮዎቹ የቴኒስ ሜዳዎች አሉ፤ የእሳቸው ቦታ ስድስተኛው ሜዳ የነበረበት ነው። ኮሌጁ ከስድስት ዓመት በፊት «በጀት የለም» ብሎ የቴኒስ ቡድኑን በተነ፤ በዚያው ዓመት ለፉትቦሉ መልበሻ ክፍል እብነ በረድ አነጠፈ።

ባለፈው ቅዳሜ ዶፍ ይጥል ነበር። የስፖርት ዳይሬክተሩ ሃልቨርሰን ባለጸጋ እንግዳ ይዞ መጣና ቦታ አጣ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ይቺን ቢለቁልን? የከፈሉትን እጥፍ አድርገን እንመልስልዎታለን» አላቸው።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «ልጆቹ ቡድናቸውን ለማትረፍ በየሰፈሩ መኪና አጥበው ሠላሳ ሺህ ዶላር ሲያመጡልህ ምን አልካቸው?»

«ያኔማ… ዘግይተው ነበር እኮ።»

«አንተም ዘግይተሃል።»

ዳይሬክተሩና እንግዳው መኪናቸውን ከታች ሣሩ ላይ አቁመው ጭቃውን እየረገጡ በፊታችን ሲያልፉ፣ ሽማግሌው ጭቃ የያዘውን የሁለቱን ሰዎች ጫማ እስከ በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

«ገንዘብዎ እኮ የሚሄደው ለእነዚሁ ሰዎች ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። «ከጎን ያለችው ቦታ ስንት ናት?»