የዶን ቤላርሚኖ ወፎች

ዶን ቤላርሚኖ በሳን ሮሴንዶ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡሮችን መስመር ሲያስቀይር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የቀረው ጭር ያለ ቤትና እንደ ባቡር የሚያጓራ ሆድ ነበር። ጎረቤቱ ዶኛ ኤዱቪሂስ አዘነችለትና ወፎች በጠርሙስ አምጥታ ሰጠችው። ወፎች የምንላቸው ወተት ውስጥ አድረው እርጎ የሚያደርጉት ነጫጭ ፍሬዎች ናቸው። ወተታቸውን በየቀኑ እንዲቀይር፣ ከሁሉም በላይ ግን እንዳይሸጣቸው አስጠነቀቀችው። ሲበዙ በነጻ ነው የሚሰጡት፤ የተሸጠ ወፍ ይሞታል አለችው።

ሆዱ በሳምንቱ ፋታ አገኘ። ወፎቹ ግን ፋታ አልነበራቸውም፤ በወሩ አራት ጠርሙስ ሞሉ። ነፍስ ያለውን ነገር መድፋት አላስችል ስላለው ለሰፈሩ ሁሉ አደለ፤ ለአንዳንዱም ደገመው። እየቆየ ሰዉ ጠርሙሱን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። ስለ ወፎቹ ደኅንነት ሲጠይቅ ግን ሁሉም ደህና ናቸው ይሉት ነበር።

በጥር ሙቀት ልጁ ኦሬሊያ ከኮንሴፕሲዮን ልትጠይቀው መጣች። እሱ ዳቦ ሊገዛ ወጣ ሲል ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ እዚያ የነበሩትን አራት የወፍ ጠርሙሶች የተበላሸ ወተት መስሏት ደፋች፤ ጠርሙሶቹን በሳሙና አጥባ ደርድራ ጠበቀችው።

"እጅሽ ይባረክ" አላትና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

በማግስቱ አንድ ማንኪያ ለመለመን ቤት ለቤት ዞረ። የአንዷን ወፎች ድመት ጠጥቷቸዋል፣ ሌላዋ ለእህቷ ልካቸዋለች። በመጨረሻ ዶኛ ኤዱቪሂስ አንገቷን ደፋች።

"እውነቱን ልንገርዎ፣ ዶን ቤላርሚኖ። ያኔ የሰጠሁዎት ያሉኝን በሙሉ ነው። ታክቶኝ ነበር።"

የቀረው ሥጋ ሻጩ ዌንሴስላኦ ብቻ ነበር፤ ከአማቱ ወፍ ተቀብሏል ይባላል። ሁለቱ በካርታ ጨዋታ ተጣልተው ከተኮራረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቤላርሚኖ ሁለት ጊዜ በደጁ አልፎ በሦስተኛው ገባ።

"ምን ልመዝንልህ?" አለው ዌንሴስላኦ፣ ቀና ሳይል።

"ለሥጋ አይደለም። ወፍ አለህ ሲሉ ሰምቼ ነው።"

ዌንሴስላኦ ቢላዋውን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ወሰደው። ከቋሊማው ሥር አሥራ አንድ ጠርሙስ ተደርድሯል።

"ይህን ጉድ በሰፈሩ የበተነው ማን እንደሆነ ባወቅሁ" አለ።

"እኔ ነኝ።"

ዌንሴስላኦ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። "እንግዲያው ስድስት ትወስዳለህ።"

"ሁለት ይበቃኛል።"

"አምስት።"

በአራት ተስማሙ። ዌንሴስላኦ በር ድረስ ሸኘውና፣ ለእርቁ ብሎ አንድ ክንድ ቋሊማ ቆረጠለት። የቤላርሚኖ እጆች ሙሉ ስለነበሩ አንገቱ ላይ አጠለቀለት፤ እንደዚያው ሆኖ ቤቱ ገባ።