የአሠሪው መስመር

በተሰደድኩበት አገር፣ ሙየንጋ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ የሰው አንሶላ እያጠብኩ ሳለ ነው የያዙኝ። እጄን እንኳ አላስለቀለቁኝም፤ ጣቢያ ስደርስ ሳሙናው ክንዴ ላይ ደርቆ ያሳክከኝ ነበር። ጫማዬን አስወልቀው ወደ ክፍሉ ገፈተሩኝ። ሲሚንቶው ረጥቧል። በሩ አጠገብ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ። ከባልዲው ማዶ ጓደኛዬ፣ የጅማዋ ልጅ፣ ከንፈሯ አብጦ ተቀምጣለች።

"ስምሽን ነገርኳቸው፣ እህቴ" አለችኝ። ከንፈሯን እያየሁ እንኳ ጠላኋት። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

ጥፋታችን የሠራተኛ ማኅበር ለመግባት ማሰባችን ነው። የማኅበሩ ቢሮ ሰውዬ ክፉ አልነበረም፤ የቤት ሠራተኛም ስደተኛም መግባት ይችላል፣ ቅጹ ላይ አሠሪ ይፈርም ብቻ አለኝ። ያቺ "ብቻ" እስከ ዛሬ ታስቀኛለች። እኔን ጨምሮ ለሃያ ሴቶች ቅጹን ሞላሁ። ሌሎቻችን ፍራሽ ሥር ሸሸግነው። የጅማዋ ልጅ ግን አምስት ዓመት ያበሰለችላትን ሴትዮ አመነች። ሴትዮዋ ምሳዋን ስትጨርስ ልጅቷ ሳህኑን አነሳችና ቅጹን ከነእስክሪብቶው አስቀመጠችላት። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ እስከ ታች አነበበች፤ ከዚያ ፖሊስ ጠራች።

የጣቢያው ኃላፊ የቀሩትን አሥራ ስምንት ስሞች ፈለገ። አላውቃቸውም አልኩ። ሠራተኞች ነን ካላችሁ ሥሩ ብሎ የፖሊሶቹን ዩኒፎርም ሁሉ ቆለለብን፤ ከቤቱም የሚስቱን ብርድ ልብስ አስመጣ። የጅማዋ ልጅ ኮሪደሩን ወልውላ ስትጨርስ ጭቃ በያዘ ጫማው ይመላለስበትና እንደገና ያስጀምራታል። አንድ ቀን ፖሾአችንን፣ ያንን ደረቅ የበቆሎ ገንፎ፣ ወለሉ ላይ ደፋው። ርቧት ነበርና ከመሬት እያነሳች በላች። እሱ ቆሞ አየ። በእሷ ላይ የያዝኩት ቂም ያኔ ወጣልኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቤቴን ፈትሸው ያገኙትን የራሴን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጀርባው ላይ ስሞቹን ጻፊ ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ወረቀቱን ወደ ፊተኛው ገጽ ገለበጥኩትና ጣቴን ታችኛው መስመር ላይ አደረግሁ።

"እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" አልኩት። "ሦስት ቀን ልብስ ያሳጠቡኝ እርስዎ ነዎት።"

መስመሩን አነበበ። ከዚያ እጄን ጠረጴዛው ላይ ይዞ በዱላው ሁለት ጊዜ መታኝ። የጅማዋ ልጅ በሩ ላይ መወልወያዋን እንደያዘች ሳቀች። ለሳቋም ተመታች።

በሳምንቱ ያለ ክስ ለቀቁን። እሷን የሚቀጥር ቤት ጠፋ፤ ድንበር ተሻግራ ሄደች ይላሉ። ማኅበሩ ዛሬም ፊርማውን ይጠብቃል። ሁለት ጣቶቼ አይታጠፉም፤ ብርድ ልብስ መጭመቅ አልችልም። በምኖርበት ሰፈር፣ ኪቡሊ፣ የግቢያችን ቧንቧ አጠገብ ከባድ ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ከአሥራ ስምንቱ አንዷ ትመጣና ከእጄ ተቀብላ ትጨምቅልኛለች። ተራውን ማን እንዳወጣላቸው አላውቅም። አንድም ወረቀት ላይ አልጻፉትም።