ያልተረጎምኩላት ገጽ

በዚያ ዘመን፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ አትላንታ ላይ እንግሊዝኛ እንደ መኪና ነበር፤ ያለው ለሌለው ያውሳል። እኔ መኪና አልነበረኝም፣ እንግሊዝኛ ግን ነበረኝ። ስኮትዴል በነበርንበት አፓርታማ ማንም ሐኪም ዘንድ ቢሄድ፣ ማንም ደብዳቤ ቢደርሰው፣ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። «በአንድ ራስ ሁለት ምላስ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አብሬያቸው እስቃለሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ከሱዳን ስትመጣ ልጇን ካየቻት ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። ባሏ ልጅቷን በሦስት ዓመቷ ይዞ ቀድሞ ገባ፣ እሷ በወረቀት ጣጣ ካርቱም ቀረች። ባልየው ዓመት ሳይሞላው ታሞ ሞተ። ልጅቷን ስቶን ማውንቴን የሚኖሩ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ እናቷ እስክትመጣ ብለው ወሰዷት። አምስት ዓመት ይፈጃል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ልጅቷን ለመቀበል ስንሄድ መቼም ያለ እኔ አይሆንም። ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፣ አማርኛ የሚባል አንዲት ቃል የላትም። ፈረንጇ በር ላይ ቆማ የጻፈችውን ታነብልኛለች። እንቁላል አትወድም። የኮሪደሩ መብራት ካልበራ አትተኛም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከውሻው ጋር ሐይቁ ዳር መሄድ ለምዳለች። ጎረቤቴ ልጇን አቅፋ «ምን ትላለች?» አለችኝ።

«ልጅሽ ጎበዝ ናት ትላለች» አልኳት።

እንዲህ ነው የጀመርኩት።

ፈረንጇ በየቅዳሜው ትደውል ነበር። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። እናትየዋ ግራ ሲገባት እኔ አዋቂዋ «ለጊዜው አትደውይ ብንላትስ? ልጅ እኮ ይረሳል» ብዬ መከርኩ። ደውዬ የነገርኳትም እኔው ነኝ። ሴትየዋ «ለእሷ የሚሻል ከሆነ እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ልጅቷ ወረቀቶች ይዛ ከክፍሏ ወጣች። ከትምህርት ቤት ሪፖርት ጻፉ ተብለዋል። ርዕሱን የመረጠችው ራሷ ናት። ድሮ ቴክሳስ ጠረፍ ላይ ከሰፈሩት ነጮች መካከል፣ ልጆቻቸው ኮማንቺ በሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ተማርከው የተወሰዱባቸው ነበሩ፤ ስለነዚያ ልጆች ነው የጻፈችው። «ለእሷ ማንበብ እፈልጋለሁ፣ አንቺ ትነግሪያታለሽ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እናቷ ዘንድ ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ማድ ቤቱ ውስጥ ፍሪጁን ተደግፋ ቆመች። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ታነብና ትጠብቀኛለች። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሳላጎድል ተረጎምኩ። ልጆቹ ከደጅ ተነጥቀው በፈረስ መወሰዳቸውን፣ የእናቶቻቸውን ለቅሶ። ጎረቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «ወይኔ እናቲቱ!» ትላለች። ቀጥሎ ስለ አንዲት ልጅ ነው። በሦስት ዓመቷ ተወሰደች። ልጅ የሞተባት ኮማንቺ ሴት ተቀብላ አሳደገቻት፣ ጸጉሯን አበጠረችላት፣ ፈረስ መጋለብ አስተማረቻት። ልጅቷም የድሮ ቋንቋዋ ጠፋባት።

የመጨረሻውን ገጽ ስታነብ ድምጿ ከፍ አለ። ዘመዶቿ ከዓመታት በኋላ አግኝተው መለሷት። አልጋ አልወድ ብላ ወለል ላይ ትተኛ ነበር። ወዳሳደገቻት እናት ለመሄድ ሁለት ጊዜ ጠፋች፣ ሁለቴም መለሷት። ሦስተኛ ጊዜ በክረምት ጠፍታ፣ በረዶ ላይ ሞታ ተገኘች። «ማንም ምን ትፈልጊያለሽ አላላትም» ይላል ሪፖርቱ። «ሁለት እናት ማግኘት የሚቻል ይመስለኛል።»

አንብባ ጨረሰችና አየችኝ። እናቷም አየችኝ።

እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቀን ተመርጦለት ነው። የባሏን ሞት ራሱ ለዚህች ሴት ካርቱም የነገሯት ከስንት ወር በኋላ ነው። ታዲያ ይህንን እኔ በአንድ እሁድ፣ ሻይ በመጠጣት ላይ ሳለች፣ እንዴት አድርጌ ልበላት? ይሉኝታ ያዘኝ። «ወደ እናቷ ተመለሰች፣ በደስታም ኖሩ ይላል» አልኳት።

ጎረቤቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ልጇን ጉንጯን፣ ግንባሯን ሳመቻት። ልጅቷ እንጨት ሆነች።

«ሁሉንም ነገርሻት?» አለችኝ።

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ጠይቂልኝ። ያቺን ልጅ ማምጣታቸው ልክ ነበር?»

ጠየቅኩላት። እናትየዋ ሳቀች። «ይሄ ደሞ ጥያቄ ነው? ደግ አደረጉ! እናት እያለች ልጅ ባዳ ቤት ምን ትሠራለች?»

ይህንን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ከዚያ ሁሉ ውሸት በኋላ፣ ታማኝ አስተርጓሚ የሆንኩት ለዚህ ነው።

ልጅቷ ወረቀቶቹን ለእናቷ ሰጥታ ወደ ክፍሏ ገባች። እናት በኩራት ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጠፈቻቸው። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ወተት ለማውጣት ያንን በር ትከፍታለች።

ከዚያ በኋላ ጨዋ ሆነች። ስለ ስቶን ማውንቴን ትንፍሽ አላለችም። ከአማርኛ ቶሎ የያዘችው «እሺ»ን ነው። እናቷ «ረሳቻቸው፣ ዕድሜ ላንቺ» እያለች ትመርቀኛለች። እኔ ምርቃቱን ተቀብዬ ፍሪጁን እንዳላይ ወንበሬን አዙሬ እበላለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዓመት ሞላ። ፈሪ ነበርኩ። ሰዎቹ የእኔን በር ማንኳኳት እንዳይተዉ ፈርቼ ነበር።

ጎረቤቴ ሰፈራችን ባለ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ ክላስ ጀምራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቶቹን ይዛ መጣች። በየቃሉ አናት ላይ በእርሳስ፣ በአማርኛ ጽፋበታለች። ስንት ሳምንት እንደፈጀባት እንጃ።

«እህቴ፣ ይሄ ቃል ሞተች ማለት ነው አይደል?»

«ነው።»

«አንቺ ተመለሰች ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

ወረቀቱን በእጇ ደባበሰችው። «እልል ስል ልጄ ይሄንን የሰማሁ መስሏታል?»

«አዎ።»

«ደግ አደረጉ ያልኩትንስ ነገርሻት?»

«ነገርኳት» አልኩ።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝም በወደድኩ። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

የአፓርታማው ግድግዳ ስስ ነው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ስታዞር ሰማኋት። «ሄሎ። አይ አም ማዘር» አለች። ቀጥሎ ቃሉ ጠፋባት፣ ደጋግማ ጀመረች። «ቱዴይ ዊ ካም። ፕሊስ።» ስትሳሳት ልማዴ ሆኖ ተነስቼ ነበር፤ በሬ ላይ ስደርስ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በመስኮት ሳይ እናትና ልጅ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመዋል። ልጅቷ ትናገራለች፣ እናቷ አልገባት ሲል ጎንበስ ትላለች፣ ልጅቷ ትደግምላታለች። ልጅቷን ለመቀበል ስንሄድ ለእናትየዋ ያሳየኋት የስቶን ማውንቴን አውቶቡስ ነው፤ የት እንደሚቀይሩ ያውቃሉ። በሬን ያንኳኳ አልነበረም።