ባለ አምስት ቀዳዳ ሰዓቶች

በጫሞ ሐይቅ አቅራቢያ ባለችው ከተማችን፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ በነበረችው የአቶ ጳውሎስ ሰዓት ቤት ሥራ የጀመርኩት በደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን የመስኮቱን መስታወት ወለወልኩ፤ በቤንዚን የታጠቡ የሰዓት ጥርሳም መንኮራኩሮችንም በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። አቶ ጳውሎስ ወረንጦ እንኳ አላስያዙኝም።

"ገነት፣ መጀመሪያ አተነፋፈስ ልመጂ" አሉኝ። "ብሎኗ በትንፋሽሽ ከበረረች እስከ ጨንቻ ብትፈልጊያት አታገኚያትም።"

ወረንጦ ከያዝኩ በኋላም ደንበኞች ከመስኮቱ ጎንበስ እያሉ "ባለሙያው የት ሄደ?" ይሉኝ ነበር። "እኔ ነኝ" ስላቸው ሰዓታቸውን መልሰው ኪሳቸው የሚከቱ ነበሩ።

አንድ ቀን ባሻ ኦይቻ የሚባሉ ሰው መጡ። ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግለው በጡረታ አገራቸው የገቡ ናቸው። ያመጡት ሰዓት ቆሟል። ገጹ ላይ አምስት ክብ ቀዳዳዎች አሉት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

አቶ ጳውሎስ ከፍተው አዩና "ይህ ለመለዋወጫ ነው የሚሆነው" አሉ። በዚያን ጊዜ ከውጭ ዕቃ መግባቱ ቀርቶ ከሞተው ሰዓት እያወጣን ነበር ያልሞተውን የምናድነው። እኔ ግን "ልሞክረው" ብዬ ለመንኩ።

"ከሠራሽው ያንቺ ይሁን" አሉ ባሻ። "እኔ እየመጣሁ አየዋለሁ።"

ወራት ፈጀብኝ። ሲነሳልኝ ጎኑ ላይ ያለውን አንዱን ቁልፍ ተጫንኩት፤ ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ መቅላት ጀመሩ። ያበላሸሁት መስሎኝ ደነገጥኩ። ባሻ ሲያዩት ግን ፊታቸው በራ።

"ሯጭ መሥመር ላይ ቆሞ ፊሽካ ይጠብቃል" አሉኝ። "የሸራ ጀልባ ግን ነፋስ ይወስደዋል፤ አይቆምም። ስለዚህ ውድድሩ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው መድፍ ይተኮሳል። ያኔ ትጫኚዋለሽ። በየደቂቃው አንድ ቀዳዳ ይቀላል። አምስተኛው ሲቀላ ጀልባሽ መሥመሩ ላይ መድረስ አለበት። ከቀደምሽ ትመለሻለሽ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ቀዳዳ ሰዓት መፈለግ ሥራዬ ሆነ። አንዱን ጫሞ ሐይቅ ላይ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁ፤ ፈረንጅ ጥሎለት የሄደ ነው፣ ውኃ ገብቶበት ለጌጥ ያስረው ነበር። ሌላውን የጨንቻ ሸማኔ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በጋቢ ለውጦ አመጣልኝ። ባሻ በየገበያው ቀን እየመጡ የሰጡኝን ሰዓት አንዴ ይጫኑና አምስቱ እስኪቀሉ ቁጭ ብለው ያያሉ። ስለ ምጽዋ ብዙ አያወሩም ነበር።

አንድ ጠዋት ከሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል ሲስተር አልማዝ መጣች። ደረቷ ላይ የምትሰካው ሰዓት ወድቆባት፣ ባላንስ የምንለው ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው መንኮራኩር ዘንጉ ተሰብሯል።

"ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት በክፍላችን የኔ ብቻ ነው" አለች። "የሕፃኑን ልብ ምት በምን ልቁጠር?"

ያለንን ሁሉ ፈተሽን። የሚገጥመው ዘንግ ያለው በባሻ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነበር። ሰዓቱን እንዳለ እንዳልሰጣት ሰከንድ ቆጣሪ የለውም። አቶ ጳውሎስ "ያንቺ ነው፤ እኔ ፍቺ አልልሽም" ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ባሻ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰዓቱንም ሰጠኋቸው። ተጫኑት። አምስተኛው ቀዳዳ እስኪቀላ ቁጭ ብለው አዩት።

"መርከብ ላይም ከአንዱ ሞተር ፈትተን ሌላውን እናስነሳ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ፍቺው፤ የልጆቹ ልብ ይቆጠር።"

ሰዓቷን በዚያው ቀን ሠርቼ ሲስተር አልማዝ ደረት ላይ ሰካሁት። ቆጣሪውን ከራሷ የልብ ምት ጋር አስተያየችውና "ይሄዳል" ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

እሷም ዝም አላለችም። የሥራ ባልደረቦቿንና የምታስታምማቸውን ሁሉ "የሞተ ሰዓት አላችሁ?" እያለች ትጠይቅ ጀመር። ራቅ ካለችው ከገረሴ ሳይቀር ይላክልን ነበር። በዚያ የዕቃ ችግር ዘመን ሱቃችን ያልተዘጋው ከእሷ በመጣው መለዋወጫ ነው። "ባለሙያው የት ሄደ?" የሚለኝም ቀረ፤ ሲስተር እየላከች "ገነትን ጠይቁ" ትላቸው ነበርና።

ከዓመታት በኋላ ከተላኩት በአንዱ ውስጥ ተመሳሳይ ዘንግ አገኘሁ። የባሻን ሰዓት ቀሪ ዕቃ በሙሉ በአንድ ቆርቆሮ ለይቼ አስቀምጬ ስለነበር ለመግጠም አልተቸገርኩም። ባሻ በሕይወት ነበሩ፤ ወስጄ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው።

ወጣት ሰዓት ሠሪዎች ስለ ባለ ቀዳዳ ሰዓቶቼ ስብስብ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ የምትወዱትን ሰዓት መፍታት ግድ ከሆነ ፍቱት፤ የቀረውን ዕቃ ግን አትበትኑ።