የአያቴ ጠመንጃ የከሸፈ ዕለት

አያቴ ቡሬ አጠገብ ባለው የበቆሎ ማሳችን ላይ ከርከሮ መውረድ ከመጀመሩ በፊት፣ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃቸውን አውጥተው ኢላማውን ይፈትሹ ነበር። ጉቶ ላይ ቅል ያስቀምጡና ያነጣጥራሉ።

አንድ ነሐሴ ምላጩን ቢስቡት ቀጭ ብሎ ቀረ።

«ከሸፈ እኮ፣ አባባ!» ብሎ ወንድሜ ወደ ቅሉ ሊሄድ ተነሳ።

«ንቅንቅ እንዳትል! ባሩድ ዘግይቶም ይነሳል። አቡነ ዘበሰማያት ሳይደገም የከሸፈ ጠመንጃ አይታመንም።»

ጠመንጃውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ መድገም ጀመሩ። ወንድሜ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ እኔም ትንፋሼን ዋጥኩ። ልክ «ለዓለመ ዓለም» ሲሉ ጠመንጃው አጓራ፤ ቅሉ ብትንትኑ ወጣ። ወንድሜ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው «አሜን» አሉና ጠመንጃውን አወረዱ።

ከዚያ ወዲህ የቆመ ነገር ሁሉ ያለቀለት አይመስለኝም።

ዘንድሮ የአያቴ ትንፋሽ ቆመ። ወንድሜ ዓይናቸውን ሊከድን እጁን ሲዘረጋ «ንቅንቅ እንዳትል!» ብዬ ጮኽኩበት። ገባው፤ እጁን እንደዘረጋ ቆመልኝ። ደረታቸውን እያየሁ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ ቀስ እያልኩ፣ ቃሉን እያስረዘምኩ። «ለዓለመ ዓለም» ላይ ደረስኩ።

አሜኑን እስከ ዛሬ አላልኩትም።