ቆመው የለመኑ ሽማግሌዎች

የባለቤቴ አባት የጉልበታቸው መገጣጠሚያ አልቆ በሰው ሠራሽ ሊቀየርላቸው ነበር። ሐኪሙ ግን፣ «ሲጋራ ካላቆሙ ቁስሉ ስለማይድን ኦፕራሲዮን የለም» አላቸው። የልጆቻቸው ልመና አልሠራም። እኔ ድምፄ ከጓዳ የማያልፍ ምራታቸው ነኝ፤ ቀስ ብዬ የዕድራችንን ሦስት ሽማግሌዎች ላክሁባቸው።

ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደ ደንቡ ቆሙ። «በቀለ፣ አቆማለሁ ካላልክ አንቀመጥም!» አሉ ትልቁ፣ ጋሽ ወልዴ።

አባባ ደግሞ ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነው ብለው በዚያ ጉልበታቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲያው አብረን እንቆማለን!»

በቃ፣ ቆመው ተፋጠጡ። ልጄን አዝዬ በር ላይ ሆኜ ሳይ አንዱ እግር ይቀይራል፣ አንዱ ግድግዳ ይደገፋል፤ የጋሽ ወልዴ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ወንበር ላቀርብላቸው ስል ገላመጡኝ።

«ለመሆኑ ጋሽ ወልዴ፣» አሉ አባባ እያቃሰቱ፣ «ኪስዎ ውስጥ ያለው የምን ፓኮ ነው? እርስዎም ያጨሱ የለም እንዴ! እርስዎ ያቆሙ ዕለት እኔም አቆማለሁ፤ ይኸው በሰው ፊት ቃሌ ነው!»

ጋሽ ወልዴ ወንበሩን አዩ፣ ጉልበታቸውን አዩ።

«አቁሜያለሁ!» ብለው ጮኹና ተዘረፈጡ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም ተከትለዋቸው ተቀመጡ።

አባባ ብቻ አፋቸውን ከፍተው ቆመው ቀሩ።