የቀኝ እግር አቤቱታ

ስልሳ ዓመት ሙሉ ፈረስ ሊጥለው ያልቻለውን አያ ይኸነውን ባጃጅ ጣለችው።

ነገሩ የሆነው እንጅባራ ላይ ነው፣ በክረምት። ዳማው ፈረሱ ሰኮናውን ታሞበት ስለነበር አያ ይኸነው ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው መንደሩ በእግሩ መጥቶ፣ ለኮርቻ የሚሆን ቆዳ ገዝቶ፣ በእግሩ ሊመለስ ሲል አማቹ ጢሞቲዎስ አየው። ጢሞቲዎስ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፤ ለሰው ሁሉ በጎ ያስባል፤ ያሰበውንም ሁሉ ይናገራል።

"አባባ፣ በዚህ ዝናብማ በእግር አይሄዱም" ብሎ ባጃጅ ላይ አስቀመጠው።

ባጃጇ ጭቃው ላይ ተንሸራታ ወደ ቦዩ ዘመም አለች። ሹፌሩ ዘሎ ወረደ። አያ ይኸነው ግን ከፈረስ በቀር ሌላ ነገር ላይ ተቀምጦ ስለማያውቅ ሰውነቱ የለመደውን አደረገ። ጉልበቱን ጨመቀ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጠጠ፣ ቀኝ እግሩንም እርካብ ፍለጋ ወደ ውጭ ሰደደ። እርካብ የለም። ባጃጇ እንደምትተኛ ላም ቀስ ብላ እግሩ ላይ ጋደም አለች።

"ፈረስ ቢሆን እኮ ይዘለኝ ነበር" ይል ነበር ኋላ ለጠየቀው ሁሉ። "ይቺ ጭራሽ ነፍስ የላትም!"

ያከመው ዶክተር ዮናዳብ ነው። ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ፣ የአገሩን ብርድ ያልለመደ፣ ከነጭ ካፖርቱ ሥር ሁለት ሹራብ የሚደርብ ወጣት። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና "አባቴ፣ ቅልጥምዎ ነው፤ በጀሶ ይድናል" አለ። እጁ ለስላሳ ነበር። አያ ይኸነው ሲያቃስት አብሮት ያቃስታል። ጀሶው የተፈታ ዕለትም ከበሽተኛው ይልቅ የተደሰተው ሐኪሙ ነበር።

"እስቲ ይራመዱ! ይኸው! ጎበዝ!"

አያ ይኸነው ተራመደ። ቀኝ እግሩ ከድሮው ትንሽ ዞር ብላለች፤ ጣቶቿ መንገድ ዳር ያለውን ሰው የሚያዩ ይመስላሉ። ታስኬዳለች ግን። ሐኪሙን መርቆ ወጣ።

ጉዱ የመጣው ዳማው ላይ የወጣ ዕለት ነው። ጣቱ ወደ ውጭ የዞረ እግር ተረከዙ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ይህን ሐኪሙም በሽተኛውም አላሰቡትም። አያ ይኸነው ኮርቻው ላይ ተደላድሎ ሳያበቃ ቀኝ ተረከዙ የፈረሱን ጎን ነካ። ዳማው ደግሞ የተገራ ፈረስ ነው። በተረከዝ ሲነኩት ምን ማድረግ እንዳለበት ያስተማረው ራሱ ጌታው ነው። ሽምጥ ወጣ።

ልጓሙን ሲስብበት ይቆማል። ሲለቅለት ተረከዙ መልሶ ይነካውና ይሸመጥጣል። እጁ "ቁም" ይላል፣ እግሩ "ሂድ" ይላል፤ በመካከል ፈረሱ ግራ ገባው። በግምጃ ቤት ከተማ የገበያ ቀን አያ ይኸነው "እንዴት ዋልሽ እት—" ብሎ ለአንዲቱ ባልቴት ይጀምርና "—ልጆቹ ደኅና?" የሚለው ልጅ ለሌለው ለአንድ መነኩሴ ይደርሳል። በሳምንቱ አገሩ ሁሉ "ይኸነው ኮራ፤ ከተማ ተኝቶ መጣና ሰላምታ አነሰብን" ብሎ አኮረፈው።

ኩርፊያውን እንኳ ይችለው ነበር። ያልቻለው አስማረ ይዞት የመጣውን ወሬ ነው። አስማረ የቀበሌው ፈረሰኞች አለቃ፣ ደግሞም አብሮ አደጉ ነው።

"ይኸነው፣ በእኔና ባንተ መካከል ውሸት የለም።"

"የለም።"

"ጥር ሃያ ሦስት፣ በፈረሰኞች በዓል፣ በሰልፍ ነው የምናልፈው፣ አንገት ለአንገት። እንግዳ አለ፣ ካሜራ አለ። ያንተ ፈረስ ብቻውን ቀድሞ ከበሮ መቺዎቹን ቢረግጥስ?"

"እኔ ምን ላርግ? እግሬ ነው።"

"እግርህ ከሆነማ ዳስ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትቀመጣለህ። ጥላ አለው። ውሃም በፕላስቲክ ያድላሉ።"

አስማረ ይህን ያለው ለማጽናናት ነበር። አያ ይኸነው ግን ያየው አባቱን ነው። አባቱ ዳስ ውስጥ የተቀመጡ ዕለት አለንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ዋሉ። ፈረሶቹ ባለፉ ቁጥር አለንጋው ላይ ያለው እጃቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። በዓመቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ያቺን እጅ አያ ይኸነው እስከ ዛሬ ፈረስ ላይ በወጣ ቁጥር ያስታውሳታል።

"ይክሰሱ አባባ" አለ ጢሞቲዎስ ጉዳዩን ሲሰማ። "ጠብ አይደለም እኮ፣ ቅሬታ ነው። መብትዎ ነው። ሆስፒታሉ ራሱ 'ቅሬታ ሰሚ' ብሎ በር ላይ ለጥፏል።"

የአያ ይኸነው ሚስት ይታይሽ ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። "ለጥፎ ቢሆንስ? 'ውሻ አለ' ተብሎ የተለጠፈበት በር ሁሉ ይንኳኳል?"

"እማማ፣ ዛሬ ዝም ከተባለ ነገ የሌላ ሰው እግር ይጣመማል።"

"ያ ሐኪም ልጅ ይኸነውን ሊያይ መጥቶ 'እማማ፣ እርስዎስ ጉልበትዎን ያምዎታል?' ብሎ ሳልለምነው መድኃኒት የሰጠኝ ነው። እሱን ከሰህ" አለች ወደ ባሏ ዞራ፣ "የእኔን ጉልበት ማን ሊያይልኝ ነው? ዳማው?"

አያ ይኸነው ሁለቱም ልክ ሆኑበት፤ መከራውም ይኸው ነበር። ጠዋት ፈረሱን ሲጭን ሐኪሙን ይከሳል፤ ማታ ያ ልጅ አብሮት ሲያቃስት ትዝ ሲለው ይምረዋል። ሲከስ ምግብ ይስማማዋል፣ ሲምር ያቅረዋል። በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጠ። የሰውን ፊት ሳያዩ መክሰስ ከኋላ እንደ መውጋት ነው፤ መጀመሪያ ለራሱ ለሐኪሙ ይነግረዋል።

የሆስፒታሉ ዘበኛ "ፈረስ ይዞ መግባት ክልክል ነው!" ያለው ዳማው ካለፈው በኋላ ነው። ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች እግራቸውን ወደ አግዳሚው ሰበሰቡ። ዳማው የተሰጣ አንሶላ ፊቱን ሲሸፍነው ቆመ። ዶክተር ዮናዳብ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ወጣ።

"ዶክተር፣ ልከስህ ነው የመጣሁት" አለ አያ ይኸነው ከአንሶላው ጀርባ።

"እንኳን ደኅና መጡ አባቴ። ምን አጠፋሁ?"

"እግሬን አበላሸኸው።"

"ይራመዳሉ አይደል?"

"መራመድማ ዶሮም ይራመዳል! እኔ ስለ መራመድ መቼ ጠየቅሁህ?"

ሐኪሙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፈረስ ስለሚፈራ ራቅ ብሎ ዞረ፤ ተረከዙን አየ፣ የፈረሱን ጎን አየ፣ እንደገና ተረከዙን አየ።

"ዞሯል" አለ ቀስ ብሎ። "ጀሶውን ሳስር አጥንቱ መግጠሙን እንጂ እግሩ ወዴት እንደሚያይ አላስተዋልሁም። ስህተቱ የእኔ ነው አባቴ።"

አያ ይኸነው ሌሊቱን ሙሉ የተሰናዳው ለሚክድ ሰው ነበር። ለካደ የሚመልሰው ተረት ነበረው፣ ለተቆጣ የሚመልሰው ስድብ ነበረው፤ ላመነ ግን ምንም አላዘጋጀም።

"ይስተካከላል?"

"ባሕር ዳር ልልክዎት እችላለሁ። እንደገና ይሰበርና—"

"ማን ነው የሚሰብረው?"

"ሐኪም።"

"ታዲያ ባጃጇ ምን አጠፋች!"

ዶክተር ዮናዳብ ሳቁን ዋጠ። "ቅሬታዎን ግን ማቅረብ ይችላሉ። ይምጡ፣ ላሳይዎት" ብሎ ሊከሰው መጥቶ ከፈረሱ የወረደውን ሰው ደግፎ የሚከሰስበት በር ላይ አደረሰው። በሩ ተቆልፏል።

"ስብሰባ ናቸው" አለች ወለል የምትወለውለው ሴት። "ሐሙስ ይምጡ።"

ሐኪሙ ስለ ስብሰባውም ይቅርታ ጠየቀ። ሊለያዩ ሲሉ ግን "አባቴ፣ ሌላ ነገር ማስተማርስ አይቻልም? ፈረሱን ማለቴ ነው" አለው።

"ያረጀ ፈረስ አዲስ አመል አይለምድም።"

"ወጣት ፈረስስ የለዎትም?"

አያ ይኸነው ዳማው ላይ ወጥቶ ሄደ። ትንሽ ጋለበና ወረደ፤ ሐሳብ በሽምጥ አይሆንም። ዳማውን እየሳበ በእግሩ ቤቱ ገባ።

ቤቱ ቦራው አለ። ቦራው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ገና ያልተገራ፣ ጫግኒ ገበያ ወስዶ ሊሸጠው ያሰበው ወጣት ፈረስ ነው። ልጓም አያውቅም፣ እርካብ አያውቅም፤ ተረከዝ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልነገረውም። አያ ይኸነው አጥሩን ተደግፎ ሲያየው ቆየና "አንተ ደንቆሮ" አለው በፍቅር።

ትምህርቱ ተጀመረ። ፈረስ ሲሰድብ በአማርኛ፣ ሲያባብል በአገውኛ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቱ የሚሰማው አማርኛ ብቻ ሆነ። ሕጉ የተገለበጠ ነው፤ ተረከዝ ጎንህን ሲነካ ተረጋጋ፣ ተረከዝ ሲነሳ ንፋስ ሁን። አንድ ቀን ቦራው ጣለው። ይህን ከይታይሽ በቀር ያየ የለም፤ እሷም እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰችም። ሹሮው ውስጥ ጨው ያነሰ ዕለት ብቻ ባሏ ቀና ሲል ታየዋለች፣ እሱም ዝም ብሎ ይበላል።

"አባባ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቅሬታው" ይላል ጢሞቲዎስ በስልክ።

"ዛሬ ቦራው መዞር ይማራል። በሚመጣው ሐሙስ ይታያል።"

በሚመጣው ሐሙስ መቆም ተማረ። ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ባጃጅ አይቶ አለመደንገጥ ተማረ፤ ይህኛውን ፈረሱም ጌታውም አብረው ነው የተማሩት። እየዋለ እያደረ አገውኛው በዛ።

ጥር ሃያ ሦስት ደረሰ። አስማረ ቦራውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

"በትናንት ውርንጭላ?"

"አንገት ለአንገት አላልህም?"

ሰልፉ ተነሳ። ቀኝ ተረከዙ የቦራው ጎን ላይ እንደ ተለጠፈ፣ ፈረሱ ከግራና ቀኙ ካሉት ሳይቀድም ሳይዘገይ ተራመደ። በዳሱ ፊት ሲያልፉ አያ ይኸነው ወደ ወንበሮቹ አየ። አንዱ ባዶ ነበር፤ ፕላስቲክ ውሃ ተቀምጦበታል። ለውሃው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና አለፈ። ሜዳው መጨረሻ ላይ ደርሰው የግልቢያው ተራ ሲመጣ እግሩን ከጎኑ አነሳ። አስማረ ያየው አቧራውን ነው።

ግልቢያው አብቅቶ ሰዉ ከሜዳው ሳይበተን ጢሞቲዎስ ዶክተር ዮናዳብን ይዞ መጣ። ሐኪሙ የምሥራች ነበረው። የአጥንት ስፔሻሊስት ሊመጣ ነው፤ እግሩን ያለ ክፍያ ያቀናለታል።

"ፈረሱስ?" አለ አያ ይኸነው።

"ምን ሆነ ፈረሱ?"

"እግሬ ከቀና ተረከዜ ይነሳል። ከተነሳ ቦራው ጫግኒ ሳይደርስ አይቆምም። እግሬን ካቀናህልኝ ፈረሴን አጣመምህብኝ ማለት ነው።"

ሐኪሙ ቀልድ መሰለውና ሳቀ። የበዓሉ ግርማ ፍርሃቱን አስረስቶት ኖሮ ቦራውን በሩቁ አየና "አባቴ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጬበት ፎቶ ልነሳ? ለእናቴ የምልከው" አለ።

"እንዴታ! ውጣ፣ ውጣ።"

"ኧረ ንገረው!" አለች ይታይሽ።

"ምኑን?" አለ አያ ይኸነው ሰማይ ሰማይ እያየ።

ሐኪሙ ወጣ። ፈረሱን እንዳይነካው ሁለቱን ቀጥ ያሉ እግሮቹን በጨዋ ልጅ ወግ ከጎኑ አራቃቸው። ጢሞቲዎስ ስልኩን ደገነ። ፎቶው ላይ የወጣው ጭራ ብቻ ነው።

"እርዱ—" ሲል ጀመረ ዶክተሩ ዳሱ አጠገብ፤ "—ኝ!" ያለው ከበሮ መቺዎቹ ጋ ሲደርስ ነው።

"ተረከዝህን አስነካው! ተረከዝህን!" አያ ይኸነው እያነከሰ ተከተለው። ምክሩን የሰማው የለም። በኋላ ግን ፍርሃት ራሱ አስተማረው፤ ሐኪሙ የፈረሱን ሆድ በሁለት እግሩ እንደ እናቱ ወገብ አቀፈው። ተረከዙ ነካ። ቦራው ወዲያው እንደ ቄስ ተረጋግቶ፣ አንድ ጫማ የጎደለውን ሐኪም ተሸክሞ ቀስ እያለ ተመለሰ።

ጢሞቲዎስ ነገሩን የማይረሳ ልጅ ነውና "አባባ፣ ያ ቅሬታስ? ሐሙስ ከሆነ እኔ አብሬዎት—" አለ።

አያ ይኸነው ልጓሙን ተቀበለ። ሐኪሙን በብብቱ ደግፎ አወረደው፤ ሲያቃስት አብሮት አቃሰተ።

"ቀርቧል" አለ። "ታይቷልም።"